ዛሬ ጾም ነው ወይ?

ድረ ገጹ ሥራው አንድ ብቻ ነው። ትከፍተዋለህ፣ «ዛሬ ጾም ነው» ወይም «ዛሬ ጾም አይደለም» ይልሃል፤ በቃ። የሠራሁት ለእማዬ ነው። በመጀመሪያው ዓመት በዓለ ሃምሳን ረስቼ፣ ከፋሲካ በኋላ ያለውን ረቡዕ ጾም ነው ብሎ አዋርዶኛል። እሱን ተዉት።

ኮዱን በሁለት ማታ ጨረስኩት። ያሰቃየኝ ዶሜይኑ፣ ማለትም የድረ ገጹ አድራሻ ስም ነው።

መጀመሪያ ነጻ ወሰድኩ። ካርድ የለኝ፣ ዶላር የለኝ፤ ነጻ ሲባል አላመነታሁም። ውሉን ደግሞ ማን ያነባል? ለካ ስሙን እንድጠቀምበት ነው እንጂ የኔ አልነበረም። ሲፈልጉ መልሰው እንደሚወስዱት እዚያው ጽፈውታል። አንድ ቀን እማዬ ስልኳን ይዛ መጣች። «ልጄ፣ ይሄ ነገር ምን ነካው?» ሳየው ገጹ የቁማር ማስታወቂያ ሆኗል። ያውም በሁዳዴ!

ቀጥሎ አሜሪካ ያለችው አክስቴ ዘንድ ደወልኩ። «በአንድ ዶላር ዶሜይን አግኝቻለሁ፣ በካርድሽ ክፈይልኝ።» «ለአንድ ዶላር ነው የደወልክልኝ?» ብላ እየሳቀች ከፈለች። በዓመቱ ከካርዷ 38 ዶላር ተቆረጠ። ያን ጊዜ ስትደውል ሳቅ የለም። አንድ ዶላሩ የመጀመሪያው ዓመት ዋጋ ነበር፤ ማደሻውን አላየሁም። በራሱ ጊዜ እንዲያድስ የሚያደርገውንም ምልክት አላጠፋሁም።

አሁን መጀመሪያ የማየው የማደሻውን ዋጋ ነው። ዶት ኮምን እንውሰድ። መዝገቡን የሚይዘው ቬሪሳይን ከሻጮች የሚቀበለው ብቻ እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ 10.26 ዶላር ከፍ ብሏል። ስለዚህ በ2 ዶላር ዶት ኮም የሚሰጥህ ሰው ከኪሱ እየከፈለልህ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ከማን እንደሚያስመልሰው መገመት አይከብድም።

ያኔ ግን ከ38 ዶላሩ በኋላ በድንጋጤ በራሱ ማደሱን አጠፋሁት። ከዚያ ረሳሁት። ማስጠንቀቂያው ሁሉ የሚሄደው አክስቴ ከፍታው ወደማታውቀው ኢሜይል ነበር። ጊዜው ካለፈና ስሙ ከተሰረዘ በኋላ እንደ ዶት ኮም ባሉት ላይ ስሙን መልሶ ለማስመለስ የ30 ቀን ዕድል አለ፤ ግን ቅጣቱ ከዶሜይኑ ዋጋ በብዙ ይበልጣል። ተውኩት።

ለጥቂት ወራት ጊትሃብ ፔጅስ የሚባል ነጻ የድረ ገጽ ማስቀመጫ ላይ አስቀመጥኩት። በተጠቃሚ ስምህ ነጻ አድራሻ ይሰጥሃል፣ ግንኙነቱን የሚያመሰጥረው ኤችቲቲፒኤስም አብሮ ይመጣል። እውነቱን ለመናገር ለልምምድ ከዚህ በላይ የሚያስፈልግህ ነገር የለም። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ነጻ ንዑስ ዶሜይን (በራሱ ስም ሥር የሚሆን አድራሻ) የሚሰጠው ኢዩ ዶት ኦርግም አለ፤ ትዕግሥት ካለህ። የኔ ችግር እማዬ ናት። ያን ሁሉ የላቲን ፊደል ከነሰረዙ መጻፍ አልሆነላትም።

መፍትሔው ቁጥር ሆነ። ዶት ኤክስዋይዚ (.xyz) ላይ ከ6 እስከ 9 አሃዝ የሆኑ በቁጥር ብቻ የተሠሩ ስሞች አሉ። ዋጋቸው በዓመት 99 የአሜሪካ ሳንቲም አካባቢ ነው፤ ማደሻውም እንደዚያው። እንዳትረሳው ብዬ የራሷን ስልክ ቁጥር ያለ ዜሮው ወሰድኩላት። ልክ 9 አሃዝ! (ስልክህን ለዓለም መስጠት ካልፈለግህ እንደኔ አታድርግ።) ካርዱ ዛሬም የአክስቴ ነው። አካውንቱ ግን በኔ ስም፣ በኔ ኢሜይል ነው። ማደሻው ከመድረሱ አንድ ወር በፊት ስልኬ ያስታውሰኛል።

ገጹ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልጠፋም። እማዬም አድራሻውን ለማኅበር ጓደኞቿ በሙሉ አደለች። እነሱ ግን ቁጥሩን ሲያዩ ዜሮ ጨምረው ይደውሉላታል። «ዛሬ ጾም ነው ወይ?» ይሏታል። እሷም መነጽሯን አድርጋ ገጹን ትከፍትና ታነብላቸዋለች።