«ሦስቱ ዛፎች»ን በተሳሳተ ብርሃን ያየሁበት ሰዓት

ሆላንዳዊው ሠዓሊ ሬምብራንት እ.ኤ.አ. በ1643 የሠራውን «ሦስቱ ዛፎች» የተባለውን ኤችንግ (በመዳብ ሰሌዳ ላይ በአሲድ ተቀርጾ በወረቀት የሚታተም ሥዕል) በዓይኔ ለማየት ለዓመታት ተመኝቻለሁ። የሕትመት ሥዕሎች ወደሚታዩበት ክፍል ለመግባት ደብዳቤ ጻፍሁ፤ ቀጠሮ ተሰጠኝ፤ እጄን ታጥቤ እርሳስ ብቻ ይዤ ገባሁ።

ኃላፊው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አጋድመው የጣሪያውን መብራት አበሩ። ብርሃኑ በቀጥታ ከላይ ስለወረደ ሥዕሉ እንደ መጽሐፍ ገጽ ልሙጥ ሆነብኝ። ወደ ጎን የምትዘነበል መብራት በአጠገቤ ነበረች፤ እሳቸው አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። የተሰጠኝ መመሪያ መጀመሪያ የሥዕሉን ማብራሪያ አንብቤ ከዚያ ዝርዝሮቹን እንድፈልግ ያዝዝ ስለነበር፣ በቁጥቋጦው ውስጥ የተደበቁትን ፍቅረኞች፣ በግራ በኩል ያለውን ዓሣ አጥማጅና ኮረብታው ላይ ተቀምጦ የሚሥለውን ሰው በአጉሊ መነጽር ሳስስ አርባ ደቂቃ አለፈ። ሁሉንም አገኘኋቸው፤ ሥዕሉን ግን አላየሁትም። ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል፤ በኃላፊውም፣ ይበልጡን ግን በራሴ።

ከስምንት ወር በኋላ ተመልሼ መብራቷ ከጎን ዝቅ ብላ እንድትበራ ለመንሁ። በኤችንግ አሲድ መዳቡን በልቶ በከፈተው ቦይ ውስጥ ቀለም ይቀመጣል፤ ማተሚያው የረጠበውን ወረቀት ወደ ቦዩ ሲገፋው ቀለሙ በወረቀቱ ላይ ከፍ ብሎ ይቀራል። ስለዚህ በጎን ብርሃን እያንዳንዱ መስመር የራሱን ጥላ ያገኛል። በስተግራ ከላይ በማስመሪያ የተሰመሩ የሚመስሉት ሰያፍ የዝናብ መስመሮች ጠንካራና ቀዝቃዛ ናቸው፤ የዛፎቹ ቅጠል ግን ጥምዝምዝ ባሉ አጫጭር ጭረቶች ተሞልቷል። ሬምብራንት ድራይፖይንትም፣ ማለትም ያለ አሲድ መዳቡን በመርፌ በቀጥታ መጫርን፣ ጨምሮበታል፤ መርፌው በመዳቡ ላይ የሚያስነሣው ሻካራ ጠርዝ ቀለም ይዞ መስመሩን እንደ ከፋይ ጨርቅ ያለሰልሰዋል። ጠርዙ በጥቂት ሕትመቶች ስለሚያልቅ፣ ምርጫ ካላችሁ ቀድሞ የታተመውን ቅጂ ጠይቁ።

የመመሪያውን ተቃራኒ እመክራለሁ፦ ማብራሪያውን አታንብቡ፤ ለሃያ ደቂቃ አጉሊ መነጽር አትንኩ። በስክሪን አጉልቶ ማየትንም አልወድም፤ ሥዕሉ 21 በ28 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ ጭረቶቹ ተጋግዘው አየር የሚሆኑት በዚያ መጠን ብቻ ነው።

ዝናቡ እየመጣ ይሁን እየሄደ አሁንም መወሰን አልቻልሁም። ሁለተኛው ቀጠሮዬ ሲያበቃ ዓይኔ ከዛፎቹ ጀርባ ምንም ባልተጫረበት ነጭ ወረቀት ላይ ነበር።