ስም መሰረዝ አይበቃም፦ ለቢሯችን የኤአይ ገደብ ሳወጣ የተረዳሁት

ካዛንቺስ ባለው ቢሯችን ሠራተኛው ደብዳቤና ቃለ ጉባኤ በቻትጂፒቲ ማርቀቅ ሲጀምር ገደቡን የማውጣት ሥራ ለእኔ ተሰጠ። ቀላሉን ላስቀድም፦ በግል አካውንት የሚሠራ ሰው ሴቲንግስ ገብቶ፣ ዳታ ኮንትሮልስን ከፍቶ፣ የሚጽፈው ለሞዴሉ ማሠልጠኛ እንዳይውል ምርጫውን ያጠፋዋል። ጽሑፉ ግን ያኔም ወደ ኩባንያው ሰርቨር መሄዱ አይቀርም።

እስካሁን የሚያናድደኝ ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣው ሰርኩላር ነው። «ሚስጥራዊ መረጃ ማስገባት ክልክል ነው» ይላል፣ በቃ። ሚስጥራዊ የሚባለው የትኛው ነው? ሳይነገረው የቀረ ሠራተኛ የአመልካቹን ስም ብቻ ሰርዞ ማመልከቻውን እንዳለ ቻትጂፒቲ ላይ ይለጥፋል። ቲን ቁጥሩ፣ ስልኩ፣ የፋይዳ ቁጥሩ፣ ወረዳውና የቤት ቁጥሩ እዚያው ናቸው። እነሱም ወጥተው «በቅርቡ ከወሊድ ፈቃድ የተመለሰችው የግዥ ኃላፊ» የሚል ከቀረ ሴትዮዋ ማን እንደሆነች ይታወቃል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሚጠብቀው ሰውን ለይቶ ሊያሳውቅ የሚችልን መረጃ እንጂ ስምን ብቻ አይደለም። ሰርኩላር የሚያረቅ ሰው ይህን ማንበብ ነበረበት!

ከዚህ የባሰው በጥቁር መሸፈን ነው። ወርድ ላይ በጥቁር ሃይላይት የተደረገ ወይም ፒዲኤፍ ላይ ጥቁር ሳጥን የተሣለበት ጽሑፍ ከሥሩ አልጠፋም፤ ኮፒ አድርጋችሁ ሌላ ቦታ ስትለጥፉት ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ስለዚህ የእኛ ደንብ ፋይል መጫንን ጨርሶ ይከለክላል። ጥያቄው ብቻ ባዶ ገጽ ላይ እንደ አዲስ ይጻፋል፦ «አንድ ሠራተኛ ይህን ጠየቀ፣ እንዴት ይመለስለት?» ተብሎ።

ሳይቱን ከቢሮ ኔትወርክ ማገድ ይሻላል የሚል መመሪያም አለ። አልስማማም። ዋይፋዩ ሲዘጋበት ሰዉ በስልኩ ዳታ ይጠቀማል፣ ምን እንደገባም የሚያይ አይኖርም።

ሁለተኛው ገደብ በመልሱ ላይ ነው። ቻትጂፒቲ ስለ ዓመት ፈቃድ ሲጠየቅ 14 የሥራ ቀን ብሎ ቢመልስ አትደነቁ፤ የተሻረው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 377/1996 የሚለው ነው። አሁን የሚሠራበት አዋጅ 1156/2011 በአንቀጽ 77 ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ይሰጣል። አረፍተ ነገሩ ስላማረ ብቻ የሚያልፍ ብዙ ነው። ሕግ የሚጠቅስ ረቂቅ ሁሉ ከነጋሪት ጋዜጣው ጋር ይመሳከራል፤ ያመሳከረው ሰው የአንቀጹን ቁጥር ኅዳጉ ላይ በእጁ ጽፎ ካልፈረመ ደብዳቤው ወጪ አይሆንም።