ለጠበቃ የከፈልኩትን ገንዘብ እንዴት አስመለስኩ

ቤቴን የሚሠራልኝ ኮንትራክተር የመጀመሪያው ፎቅ አርማታ እንደተሞላ ጠፋ። ስልክ አያነሳም። ካነሳም «ሲሚንቶ ተወዷል፣ ጭማሪ ካልከፈልክ አልመለስም» ነው መልሱ። ቅድመ ክፍያውን ግን ጨርሶ በልቶታል። ሠርቶት የሄደው መወጣጫ ደረጃም ተሰነጣጥቋል።

ጠበቃ ዘንድ ስሄድ የማስበው የቤቱን ገንዘብ ብቻ ነበር። እሳቸው ግን መጀመሪያ «በጽሑፍ አስጠንቅቀኸዋል?» አሉኝ። እኔ በስልክ ከመጮህ በቀር ያደረግሁት ነገር አልነበረም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1772 ደግሞ ውሉ አልተፈጸመልኝም ከማለት በፊት ማስጠንቀቅን ይጠይቃል። በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ላክንለት።

ቀጥለው «የእኔን ክፍያስ በምን ልታስመልስ ነው?» ሲሉኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። የአገልግሎት ውላችንን በጽሑፍ አደረግን። 90,000 ብሩን በባንክ ከፈልኩ፣ ደረሰኝ ተቀበልኩ። ክሱ መጨረሻ ላይም ወጪና ኪሳራ፣ ማለትም ለክርክሩ ያወጣሁት ገንዘብ፣ እንዲተካልኝ የሚል አንድ መስመር ገባ።

ከዓመት በላይ ተመላልሰን 640,000 ብር ተፈረደልኝ። ከፍርዱ ግርጌ «ከሳሽ የወጪና ኪሳራ ዝርዝር የማቅረብ መብታቸው ተጠብቋል» ይላል። እኔ የፍርድ ቤት ወግ መስሎኝ ወደ ቤቴ ልሄድ ነበር። ለካ የጠበቃዋ ገንዘብ የሚመለሰው በዚያች መስመር ነው! ዝርዝሩን አዘጋጅተህ ካላቀረብክ ማንም አያስታውስህም።

የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ፣ ከቁጥር 462 ጀምሮ፣ ኪሳራውን ማን ይክፈል፣ ምን ያህል ይሁን የሚለውን ለፍርድ ቤቱ ይተወዋል። ስለዚህ የከፈልከው ሁሉ ይመለሳል ማለት አይደለም። ኮንትራክተሩ የጠበቃዋ ክፍያ ተጋኗል ብሎ ተቃወመ። ፍርድ ቤቱም ከ90,000 ውስጥ 64,000 ብሩን ፈቀደ። ቅር አለኝ፣ አልዋሽም። ጠበቃዋ ግን «ውላችን በቃል ቢሆን ኖሮ ይህንንም ለማስረዳት እንቸገር ነበር» አሉኝ። ክሱን ስከፍት ለፍርድ ቤት የከፈልኩት የዳኝነት ክፍያ ሙሉ በሙሉ ተመለሰ። ስንጥቁን መርምሮ ሪፖርት የጻፈው ኢንጂነር ደረሰኝ ስለሰጠኝ የእሱም ሂሳብ ተያዘልኝ። የታክሲው፣ የፎቶኮፒው፣ ቀጠሮ በተለወጠ ቁጥር ከሥራ የቀረሁበት ግን ቀልጦ ቀረ።

እዚህም አላበቃም። ሰውየው በፈቃዱ አልከፈለም። ፍርዱ በግድ እንዲፈጸም የአፈጻጸም መዝገብ አስከፍተን የባንክ ሂሳቡን አሳገድን፤ ብሩ እጄ የገባው ከዚያ በኋላ ነው።

ደረጃውን የሚያፈርስ ሌላ ኮንትራክተር አግኝቻለሁ። በአዲሱ ውል ላይ ክርክር ቢነሳ ጥፋተኛው ወገን የጠበቃ ክፍያ ጭምር እንደሚከፍል፣ ክፍያውም ሥራው ተለክቶ በየደረጃው እንደሚሆን ጽፈናል። ከመፈረሜ በፊት ለጠበቃዋ አስነበብኩት። ለዚያም ደረሰኝ ተቀብያለሁ።