ቢሾፍቱ ላይ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ነው

ሰሞኑን ሦስት ሰዎች ደወሉልኝ። ሦስቱም የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው። «የውሻ ምግብ በጣሳ ማሸግ ልጀምር ነው፤ በደቂቃ ስንት ጣሳ የሚዘጋ ማሽን ልግዛ?» የቻልኩትን ያህል መለስኩላቸው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ዋናውን ነገር እንዳልነገርኳቸው ተሰማኝ። ስለዚህ ልጻፈው።

የምኖረው ቢሾፍቱ ነው። ከዚህ በፊት በአንድ የቲማቲም ድልህ ፋብሪካ፣ ክዳን መዝጊያ ክፍል ውስጥ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ከታናሽ ወንድሜ ጋር የውሻ ምግብ ጀመርን። ምክንያቱ ደጃችን ላይ ነበር። ቢሾፍቱና ሞጆ የኤክስፖርት ቄራዎች አሉ። የበግና የፍየሉ ሥጋ ወደ ዱባይና ወደ ሳዑዲ ይሄዳል። ሳንባውና ጣፊያው ብዙ ጊዜ እዚሁ ይቀራል። አዲስ አበባ ሱፐርማርኬቶች መደርደሪያ ላይ ደግሞ በዶላር ተገዝቶ የመጣ የውሻ ጣሳ አለ።

የቲማቲም ልምዴ ይበቃኛል ብዬ ነበር። ክዳን መዝጋቱ ላይ ጠቀመኝ። ማብሰሉ ላይ ግን ሊያሳስተኝ ምንም አልቀረውም።

ቲማቲም አሲድ አለው። ፒኤቹ (የአሲድ መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ4.6 በታች ስለሆነ ቦቱሊዝም የሚባለውን ገዳይ የምግብ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ እዚያ ውስጥ አያድግም። ትኩሱን ትሞላላችሁ፣ ትዘጋላችሁ፣ አለቀ። ሥጋ እንደዚያ አይደለም። አሲዱ ትንሽ ነው። አየር የወጣለት ጣሳ ውስጥ የተዘጋ ሥጋ ለዚያ ባክቴሪያ የተመቸ ቤት ነው። ስፖሩ፣ ማለትም ባክቴሪያው ተኝቶ የሚቆይበት ጠንካራ ዘር፣ ደግሞ ውሃ በማፍላት አይሞትም። በግፊት 121 ዲግሪ የደረሰ ሙቀት ያስፈልገዋል። የጣሳው መሀል፣ ሙቀት መጨረሻ የሚደርስበት ቦታ፣ በ121 ዲግሪ ቢያንስ 3 ደቂቃ እንደቆየ የሚቆጠር ሙቀት ማግኘት አለበት። ይህ ዝቅተኛው ነው። እኛ ከዚያ አስበልጠን ነው የምናበስለው።

«የውሻ ምግብ እኮ ነው» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ይሄ ንግግር ያናድደኛል። አሜሪካ ውስጥ በጣሳ የሚታሸግ የውሻ ምግብ ሙቀቱና ክዳኑ የሚመራው የሰው ምግብ በሚመራበት ደንብ ነው። ልክ ናቸው። ጣሳውን የሚከፍተው ሰው ነው። ማንኪያው የቤት ማንኪያ ነው። ውሻው በሚበላበት ወለል ላይ ልጅ ይድሃል። ውሻውም ቢሆን አመመኝ ብሎ አይናገር።

ከማብሰያው ልጀምር። ሪቶርት ይባላል። ጣሳው ከተዘጋ በኋላ ከነምግቡ የሚበስልበት ትልቅ የግፊት ድስት ነው። የኛ በአንድ ጊዜ 400 ጣሳ ይይዛል። ማሞቁ፣ ማብሰሉና ማቀዝቀዙ ተደምሮ ሁለት ሰዓት ተኩል ይወስዳል። በቀን ሦስት ዙር ብንሠራ 1,200 ጣሳ ነው። በደቂቃ 20 ጣሳ የሚዘጋ ማሽን ይህን ሁሉ በአንድ ሰዓት ይጨርሰዋል። 100 የሚዘጋ ብንገዛ ኖሮ ትርፉ ሪቶርቱ ደጃፍ ላይ የሚጠብቅ ጥሬ ጣሳ ነበር። የተዘጋ ጣሳ ሳይበስል ሲቆይ ይበላሻል። በዚያ ላይ ከአገር ውስጥ ቄራ የምንገዛው በአብይ ጾም 55 ቀን በጣም ይቀንሳል። ስለዚህ ለደዋዮቼ መልሴ ይህ ነው፦ ሪቶርታችሁ በቀን ስንት እንደሚያበስል አስሉ፤ የመዝጊያው ፍጥነት ከዚያ ይመጣል።

አሁን ወደ 94 ዲግሪው ልምጣ።

ሪቶርቱን ያመጣልን ነጋዴ «ጌጁ 1.05 ባር ሲያሳይ ውስጡ 121 ዲግሪ ነው» አለን። ጌጅ የግፊት መለኪያው ነው፤ ባር ደግሞ የግፊት መስፈሪያ። መመሪያውም እንደዚያ ይላል። የመጀመሪያውን ሙከራ በ96 ጣሳ ሠራን። ጌጁ 1.05 ላይ ቆመ። እኔ ግን የራሴን ቴርሞሜትር ሪቶርቱ ላይ ባለው የቴርሞሜትር ኪስ ውስጥ ከትቼ ነበር። 118 አካባቢ አነበበ። ከዚያ በላይ አልወጣም።

ወንድሜ «ቴርሞሜትርሽ አርጅቷል» አለኝ። እኔም ተጠራጠርኩ። ማታ ቤት ወስጄ ድስት ላይ ውሃ አፈላሁና ነከርኩት። 94 ላይ ቆመ። ወንድሜ «ይኸው! 100 መሆን አልነበረበትም?» አለ። እኔ ግን ድስቱን እያየሁ ደረቅሁ። ቴርሞሜትሩ ልክ ነው። ቢሾፍቱ ከባሕር ጠለል 1,900 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስህተቱ ያለው ጌጁን እንደ ቴርሞሜትር ማንበባችን ላይ ነው።

ጌጅ የሚለካው ከውጭው አየር በላይ የተጨመረውን ግፊት ብቻ ነው። የውጭው አየር ሲሳሳ፣ ያው 1.05 ባር ያነሰ ሙቀት ይሰጣል። ጅቡቲ ወደብ ላይ ቢሆን መመሪያው ትክክል ነበር። ቢሾፍቱ ላይ 121 ዲግሪ ለመድረስ ጌጁ ወደ 1.25 ባር መውጣት አለበት። አዲስ አበባ ከሆናችሁ ከዚያም ትንሽ ይበልጣል። ሦስት ዲግሪ ምን አላት እንዳትሉ። ሙቀቱ 10 ዲግሪ ሲወርድ ስፖሩን የመግደል ጉልበቱ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። 3 ዲግሪ ሲወርድ ደግሞ ግማሽ ያህሉ ይጠፋል።

ከ96ቱ 12ቱን በ37 ዲግሪ ሙቀት 14 ቀን አቆየናቸው። ውስጡ ባክቴሪያ የተረፈበት ጣሳ ብዙ ጊዜ ያብጣል። አንዱም አላበጠም። ወንድሜ ሌሎቹን እንሽጣቸው አላለም፤ ዓይኑ ግን ጣሳዎቹ ላይ ነበር። ገንዘባችን ነው። እኔም አሳዘነኝ። ግን 12 ጣሳ አለማበጡ ስለ ሌሎቹ ምንም አይነግረኝም። ጉድጓድ ቆፍረን ሁሉንም ቀበርናቸው።

ስለዚህ ሪቶርት ስትመርጡ ሻጩን ይህን ጠይቁት። ከጌጁ የተለየ የቴርሞሜትር ኪስ አለው ወይ? ሙቀቱን ከደቂቃ ደቂቃ የሚመዘግብ አለው ወይ? የሙቀት መለኪያ ሽቦ ወደ ጣሳው መሀል የሚገባበት ቀዳዳ አለው ወይ? ሰውነቱና የደኅንነት ቫልቩ ለኛ ከፍታ የሚያስፈልገውን ግፊት በምቾት ይችላሉ ወይ? የሽቦው ነገር እንዳይረሳ። ወፍራም የተፈጨ ሥጋ ሙቀት ቀስ እያለ ነው የሚገባው። 400 ግራም ጣሳ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈልጋል። መረቅ የበዛበት ግን ውስጡ ስለሚዟዟር ቶሎ ይሞቃል። የአንዱን ሰዓት ለሌላው መስጠት አይቻልም፤ በየዓይነቱ መለካት ነው።

መብራት ሲሄድ ምን እንደምታደርጉም ከመግዛታችሁ በፊት አስቡ። አንድ ቀን ማብሰሉ 40 ደቂቃ ሄዶ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ሙቀቱ ወደ 109 ወረደ። መዝጋቢው ባይኖር ኖሮ መውረዱን እንጂ ስንት ደቂቃ እንደወረደ አናውቅም ነበር። ቆጠራውን ከዜሮ ጀመርን። ያ ዙር ምግቡ ትንሽ ጠቆረ። ይጥቆር።

ከዚያ መዝጊያው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የኔ ሙያ ነው።

ሁለት ማሽን አየን። አንዱ አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ባለ ስክሪን። ሌላው ያገለገለ፣ ቀለሙ የተላጠ፣ ባለ አንድ ጭንቅላት፤ ጭንቅላት የምንለው ክዳኑን የሚዘጋውን ክፍል ነው። በሁለቱም አሥር አሥር ባዶ ጣሳ አዘጋኋቸው። 73 በ110 ሚሊሜትር የሆነውን፣ ብዙ ሰው የሚያውቀውን ባለ 400 ግራም ጣሳ ነው የምንጠቀመው። ከውጭ ሲታዩ የሁለቱም ክዳን ያምራል። ጣት ሲሄድበትም ለስላሳ ነው።

ቤት ወስጄ ቆረጥኳቸው። የክዳኑን መሀል አውጥቼ፣ እጥፋቱን በፒንሳ ቀስ ብዬ ፈታሁት። የጣሳ አዘጋግ እንዲህ ነው፦ የክዳኑ ጠርዝ ወደ ውስጥ ይታጠፍና መንጠቆ ይሆናል፤ የጣሳው ጠርዝም ወደ ታች ታጥፎ መንጠቆ ይሆናል። ሁለቱ እንደ ሁለት ሰው ጣቶች ይያያዛሉ። ማሸጊያው ይህ መያያዝ ነው። ማይክሮሜትሬን አውጥቼ በየጣሳው ሦስት ቦታ ለካሁ። በአዲሱ ማሽን የክዳኑ መንጠቆ 1.60 ሚሊሜትር፣ የጣሳው መንጠቆ 1.95፣ የክዳኑ ቆርቆሮ ውፍረት 0.22፣ የእጥፋቱ ቁመት 2.98። ሦስቱን ደምሮ ቁመቱን መቀነስ ነው። መደራረቡ 0.79 ሆነ። በአሮጌው 1.14 ነበር። እኔ ከ1 ሚሊሜትር በታች አልቀበልም።

አዲሱ ማሽን መጥፎ ነው አልልም። የመጀመሪያው ሮለር፣ ክዳኑን መጀመሪያ የሚያጥፈው ተሽከርካሪ ብረት፣ ላልቶ ነው። ቢጠብቅ ይስተካከላል። ግን ሊሸጥልን የመጣው ባለሙያ የቱ ሮለር እንደሆነ አላወቀም። ማይክሮሜትርም አልያዘም። ዛሬ ሊያስተካክለው ያልቻለው ሰው፣ ነገ ሲበላሽ ማን ይመጣልኛል?

አሮጌውን ከመግዛቴ በፊት አንድ የማውቃቸውን የቶርኖ ቤት ባለቤት ይዣቸው ሄድኩ። ማሽኑን ዞር ዞር ብለው አዩት። «ጋሼ፣ ምን ይመስልዎታል?» አልኳቸው። «ልጄ፣ ይቺን መቀመጫና ዘንጓን እኔ ቆርጬ እሰጥሻለሁ። ሮለሩን ግን አልነካም። የሱ ቅርጽ በመቶኛ ሚሊሜትር ነው፤ ብረቱም ልዩ ነው። ሁለት ትርፍ አብረሽ ካልተቀበልሽ እንዳትገዢ» አሉኝ። የውጭ ምንዛሪ ጠብቆ፣ ጉምሩክ አልፎ የሚመጣ መለዋወጫ ስንት ወር እንደሚፈጅ ያውቁታል። ሁለት ትርፍ ሮለር ተቀብዬ ፈረምኩ። ሞተሩንም አስፈትሹ። ከአሜሪካ የመጣ ያገለገለ ማሽን በ60 ኸርዝ መብራት (በሴኮንድ 60 ጊዜ በሚመላለስ) እንዲሄድ የተሠራ ነው፤ የኛ መብራት 50 ነው።

መሙያው ላይ የምለው አጭር ነው። የተፈጨ ሥጋ በፒስተን ይሞላል። አፍንጫው ላይ ቆራጭ ያለውን ምረጡ። የኛ መጀመሪያ ላይ አልነበረውም። ሲጨርስ ጭራ ያወጣል፤ ጭራው የጣሳው ከንፈር ላይ ይጋደማል። አንድ ቀን ከበሰለ በኋላ የሚያለቅስ፣ ማለትም ከክዳኑ ሥር ጠብ ጠብ የሚል፣ ጣሳ አገኘሁ። ቆርጬ ስፈታው ከፀጉር ትንሽ የምትወፍር የሥጋ ክር ሁለቱ መንጠቆዎች መሀል ተኝታለች። ያቺ ክር በቂ ናት። ጣሳው ሲቀዘቅዝ ውስጡ ይስባል፤ የማቀዝቀዣውን ውሃ በዚያች ክር በኩል ያስገባል። ስለዚህ ነው የማቀዝቀዣውም ውሃ በክሎሪን የሚታከመው።

ባዶ ጣሳውንም ስትገዙ የውስጥ ቅቡን ጠይቁ። ለቲማቲም የሚሆነው ለሥጋ ላይሆን ይችላል። ሥጋ ሲበስል ሰልፈር ይለቅና ቆርቆሮውን ያጠቁረዋል።

ጠርሙስን በተመለከተ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ያምራል፤ ውስጡም ይታያል። አፔር የተባለው ፈረንሳዊ፣ ይህን ሙያ የጀመረው ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1810 መጽሐፉን ሲያሳትም የሚያሽገው በጠርሙስ ነበር። እኔም እወደዋለሁ። ግን ለጀማሪ አልመክርም። ማቀዝቀዝ ሲጀመር የሪቶርቱ ግፊት ቶሎ ይወርዳል፤ ጠርሙሱ ግን ገና ትኩስ ስለሆነ የውስጡ ግፊት ክዳኑን ገፍቶ ያስለቅቀዋል። ስለዚህ ሪቶርቱ በኮምፕረሰር አየር ከውጭ የሚደግፍ መሆን አለበት። ቀዝቃዛው ውሃ በአንዴ ከገባ ጠርሙሱ ይሰነጠቃል። ለማርና ለለውዝ ቅቤ ገበያ ላይ ያለው ክዳንም ውስጡ ያለው ማሸጊያ 121 ዲግሪ እንዲችል የተሠራ አይደለም፤ ለይቶ ማዘዝ ያስፈልጋል። አንድ ጠርሙስ መስመር ላይ ቢሰበር ሁሉ ነገር ቆሞ በዙሪያው ያለው ክፍት ጠርሙስ በሙሉ ይደፋል። የኛ ሪቶርት የአየር ድጋፍ አለው። አስበንበት ነው የገዛነው። ጠርሙሱን ግን የጣሳው ሥራ እጃችን እስኪገባ አቆይተነዋል።

ኮንቬየሩ (ጣሳ አመላላሹ ቀበቶ)፣ መለያ መለጠፊያው፣ ካርቶን ማሰሪያው መጨረሻ ላይ ይምጣ። በእጅ ይሠራል። የቀንና የዙር ቁጥር ማተሚያው ግን ከመጀመሪያው ቀን ይኑር። አንድ ዙር ችግር ካለበት የትኞቹን ጣሳዎች ከሱቅ እንደምትሰበስቡ በሱ ነው የምታውቁት።

ቅዳሜ ሞጆ እሄዳለሁ። ባለ ሁለት ጭንቅላት ያገለገለ መዝጊያ የሚሸጥ ሰው አለ። ከእያንዳንዱ ጭንቅላት አሥር አሥር፣ በድምሩ 20 ባዶ ጣሳ እንዲዘጋልኝ ነግሬዋለሁ። «ሳትሠሪባቸው ምን ታደርጊያቸዋለሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። እቆርጣቸዋለሁ አልኩት። ጋሼም አብረውኝ ይመጣሉ።