ምንጩና ወረፋው በአንድ ሠንጠረዥ

በደጋ ገጠር ምንጮች ላይ የመስክ ትምህርት ስሰጥ ተማሪዎቼን ሦስት ሦስት አድርጌ እመድባለሁ፦ አንዱ ከውኃ ምህንድስና፣ አንዱ ከሶሺዮሎጂ፣ አንዱ ከአፈር ሳይንስ። ቀድሞ እያንዳንዱ የየራሱን ምዕራፍ ይጽፍና መጨረሻ ላይ ይሰፋ ነበር፤ ምዕራፎቹ ግን አይነጋገሩም። አሁን የምቀበለው አንድ ሠንጠረዥ ነው። እያንዳንዱ መስመር አንድ ምንጭ በአንድ ቀን፤ ዓምዶቹ የፍሰት መጠን፣ የተቀዳ ጀሪካን፣ ወረፋው የወሰደው ደቂቃ፣ የዝናብ ልክ።

ፍሰት መለካቱ ቀላል ነው። 20 ሊትር በ40 ሴኮንድ ከሞላ ምንጩ በቀን 43,200 ሊትር ይሰጣል። ሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለገጠር ባስቀመጠው ልክ፣ ለሰው በቀን 25 ሊትር፣ ስናካፍለው 1,728 ሰው ያዳርሳል። ይህ ቁጥር ግን ያሳስታል። ማጠራቀሚያ ገንዳ ከሌለ የሌሊቱ ውኃ ሳይቀዳ ይፈስሳል፤ በጥቅምት የተለካ ፍሰትም ስለ ሚያዝያ አይናገርም። ጀሪካኑ ራሱ እስከ አፉ ሲሞላ ከ20 ሊትር ይበልጣል፤ ባዶውንና ሙሉውን መዝኑት፣ የልዩነቱ ኪሎ ሊትሩ ነው።

አባወራውን «ቤታችሁ በቀን ስንት ጀሪካን ይቀዳል?» ብትሉት በግምት ይመልሳል። ቀጂዋን «ትናንት ስንት ጊዜ ወረዱ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ጥያቄውን የምህንድስናው ተማሪ ይጠይቅ፣ ሰዓቱን የሶሺዮሎጂው ይያዝ፤ አንዱ የሌላውን ስህተት የሚያየው ያን ጊዜ ነው።

ብዙ መረጃ የሚበላሸው በሰዓትና በቀን ነው። የውኃ ከፍታ መዝጋቢው መሣሪያ 8:00 ሲል የአካባቢው ታዛቢ በደብተሩ 2:00 ይጽፋል። ሁለቱ ሳይታረሙ ከተዋሃዱ ጎርፉ በ6 ሰዓት ይዛነፋል፤ «ጠዋት» ወይም «ማታ» ካልተጻፈ ደግሞ ማረሚያም የለውም። ጳጉሜን ኮምፒውተሩ አያውቃትም፤ መስከረም 1ም አንዳንዴ ሴፕቴምበር 12 ይውላል። ስለዚህ ታዛቢው የጻፈውን እንዳለ አስቀምጡ፣ የተለወጠውን በሌላ ዓምድ። ዝናብም እንዲሁ ነው። መለኪያው ጠዋት 3 ሰዓት ይነበባል፤ የደጋው የክረምት ዝናብ ግን በብዛት ከሰዓት በኋላና ማታ ስለሚጥል የንባቡ አብዛኛው የትናንት ነው። ይህ ካልታረመ ጅረቱ ከዝናቡ ቀድሞ የሞላ ይመስላል።

ስለ ሙያው፦ የትምህርት ክፍልና የማዕረግ ዕድገት ኮሚቴ አሁንም በየሙያው ነው የሚመዝነው። አንድ ልኬት ማንም የማይከራከራችሁ አድርጋችሁ ያዙ፤ የእኔ የዝቅተኛ ፍሰት ልኬት ነው። የደራሲዎችን ቅደም ተከተል ከመጀመሪያው የመስክ ጉዞ በፊት ጽፋችሁ ተፈራረሙ፤ ማን ለካ፣ ማን ጠየቀ፣ ማን ጻፈ። ከውጤት በኋላ የሚነሳ ክርክር ሥራ ያፈርሳል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የመሣሪያ ግዢ ጥያቄ ያኔውኑ ካልገባ ዕቃው የሚደርሰው በጋው ካለፈ ነው፣ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪውም የሚያዝያን ልኬት ሳይዝ ይመረቃል።

ውጤቱን ለመንደሩ የውኃ ኮሚቴ የምናነበው በጀሪካን ቆጥረን ነው፦ በሚያዝያ ከንጋት እስከ ረፋድ ስንት ጀሪካን። ሊትር በሴኮንድ ስንል ዝም ይላሉ። በጀሪካን ስንል የትኛው ቁጥር እንደተሳሳተ ወዲያው ይነግሩናል፤ እርማታቸው በሠንጠረዡ የራሱ ዓምድ አለው።