ከፍ ያለችው ላንድክሩዘር

ያገለገለ ላንድክሩዘር ይዞ መጥቶ «ለደቡብ መንገድ አዘጋጅልኝ» የሚለኝን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ማነው የሚነዳት? ብዙ ባለቤቶች ጥያቄው ይገርማቸዋል። ስለ ሞተርና ስለ ጎማ እንድጠይቅ ይጠብቃሉ። እኔ ግን ሾፌሩን ሳላናግር ቁልፍ አላነሳም። ጭቃ ውስጥ ስትሰምጥ የሚያወጣት እሱ ነው። ሕመሟንም ከባለቤቷና ከእኔ ቀድሞ የሚሰማው እሱ ነው።

ይሄን የምጽፈው አንድ ደንበኛ ጋራዤ ውስጥ በሚሠሩት ልጆች ፊት የተናገረኝ ነገር ዛሬም ስለሚከነክነኝ ነው።

ሰውየው አነስተኛ የአስጎብኚ ድርጅት አለው። የገዛት መኪና 80 ሲሪስ ላንድክሩዘር ናት፤ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ የተሠራች። ሞተሯ ዋን ኤች ዚ፣ 4.2 ሊትር ናፍታ፣ አየር ጨምቆ የሚያስገባ ተርቦ የሌለው። ፊትም ኋላም ድፍን አክስል አላት፣ ግራና ቀኙን እግር የሚያያይዝ አንድ ወጥ ብረት፤ በአራቱም እግር ተደራራቢ ባልስትራ ሳይሆን ጥምዝ ሞላ ነው። ለእኔ ለኦሞ ሸለቆ መንገድ ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም። ሞተሩ ኤሌክትሮኒክስ አያበዛም። መለዋወጫውም ሶማሌ ተራ ይገኛል።

ቀለሟ ያብረቀርቅ ነበር። ከሥር ስገባ ግን ሌላ ነው። የፊት እግሮቿ ላይ የዲፈረንሻል ዘይትና ግሪስ ተቀላቅሎ ይንጠባጠባል። በብረቶቹ መገናኛ ያሉት ጎሚኒዎች ተሰነጣጥቀዋል። ራዲያተሯ ግማሹ ተደፍኗል። ንጥቂያውን የሚያበርዱት አሞርዛተሮች ስማቸው ብቻ ቀርቷል።

ወረቀት ላይ ቅደም ተከተል ጻፍኩለት። መጀመሪያ ያረጀውን መተካት። ከዚያ ጎማ። ከዚያ ሞላና አሞርዛተር፣ ከእሱ ጋር ፍሬኑን ማስተካከል። ከዚያ ለዲፈረንሻሎቹ መተንፈሻ ቱቦ ወደ ላይ ማውጣት፣ ወንዝ ሲሻገሩ ውሃ እንዳይስቡ። ፖርቶ መጋላ፣ ማለትም የጣሪያው ዕቃ መጫኛ፣ እና መብራት መጨረሻ ላይ። በየመሃሉ ሾፌሩ ጉዞ ወጥተው ይመለሳሉ፤ የተሰማቸውን ይነግሩኛል፤ ወደሚቀጥለው እናልፋለን።

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ስልኩን አወጣ። የአውስትራሊያ መኪና ፎቶ አሳየኝ። ለሞተሩ አየር ከጣሪያ ከፍታ የሚስብ ስኖርክል፣ የፊት ብረት፣ ሽቦ እየጠቀለለ መኪና የሚጎትት ዊንች፣ ጣሪያው ላይ ከዳር እስከ ዳር መብራት።

«ይሄን ነው የምፈልገው» አለኝ። «በአንዴ።»

«በአንዴ ከቀየርነው የትኛው ምን እንዳመጣ አናውቅም» አልኩት። «መሪዋ ቢንሸራተት ከጎማው ይሁን ከሞላው በምን እንለየዋለን? አንዱን እንቀይር፣ ሾፌሩ ጋሼ ይሂዱበት፣ ከዚያ ወደሌላው።»

«ቀስ በቀስ፣ ቀስ በቀስ ትላለህ» አለ። «ቀስ በቀስ ኪሴን ልታራግፍ ነው እንዴ?»

አጠገቤ የሚሠሩት ልጆች እጃቸውን አቆሙ። አንደኛው ገና መፍቻ መያዝ የጀመረ ነው። እነዚህን ልጆች ሳስተምር ደጋግሜ የምነግራቸው ነገር ቢኖር የደንበኛን ብር እንደራሳችሁ ብር ቁጠሩ የሚል ነው። እነሱ ፊት እንደ ሌባ መቆጠር አንጀቴን በላው። ደግሞም እውነቱ ተቃራኒው ነው። መካኒክን የሚጠቅመው የአንድ ጊዜ ትልቅ ሥራ ነው። በየደረጃው ስትሄድ ደንበኛው መሃል ላይ «በቃኝ» ይላል፤ ብዙ ጊዜም መኪናው በእርግጥ በቅቶታል። እኔ በዚያ ወረቀት የሰጠሁት የማቆም መብት ነበር።

ያም ሆኖ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደረጃዎች ተቀበለ። ያረጀውን ተካን። ጎማው ላይ ትንሽ ተጨቃጨቅን። እሱ 33 ኢንች ይፈልጋል። መኪናዋ ላይ የነበረው 275/70 አር 16 ነው፤ 31 ኢንች ገደማ። 33 ኢንች ገደማ ወደሆነው 285/75 ብንሄድ ዲያሜትሩ በ5 በመቶ ያድጋል። ቆጣሪው 100 ሲል እሷ 105 ትሄዳለች። ማርሹም በዚያው ልክ ይከብዳል። ሞተሯ 130 የፈረስ ጉልበት ገደማ ያለው፣ ተርቦ የሌለው ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ከዚያም ላይ ይቀነሳል። ይሄ ሁሉ ተከፍሎ ከመሬት የምትነሳው 2 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። በልኳ ለአስፋልትም ለጭቃም የሚሆን ጥሩ ኦል ቴሬይን ጎማ ገዛን።

ሾፌሩን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ዕድሜያቸውን በደቡብ መንገድ የጨረሱ ሰው ናቸው። ከመጀመሪያው ጉዞ ሲመለሱ ፊታቸው በርቶ ነበር። ቱርሚ አጠገብ ያለውን የቃስቄን አሸዋ እንዴት እንዳለፉ ቆመው ተረኩልኝ። አስፋልት ላይ 38 ፒኤስአይ የነበረውን ነፋስ ወደ 18 አውርደው፣ መሪ ሳያበዙ፣ እግራቸውን ከነዳጁ ላይ ሳያነሱ። ነፋስ ሲቀንስ ጎማው ወደ ርዝመቱ ይተኛል፤ አሸዋውን ከመቆፈር ይልቅ ላዩ ላይ ይሄዳል። ሌሎች በአካፋ ሲቆፍሩ እሳቸው ተሻግረው ገመድ ይዘው ተመለሱ። አዲሱ ነገር ጎማው ብቻ ስለነበር ምን እንደሠራ በትክክል አወቅን። እኔ ሥራዬን የምወደው እንደዚያ ባለ ቀን ነው።

ከዚያ ክረምት ገባ፣ ቱሪስት ቀነሰ፣ ሰውየውም ጠፋ። ወረፋ ይዤለት የነበረው የሞላ ሥራ ቀረ። ወደ ሌላ ቤት እንደወሰዳት የሰማሁት ከሰው ነው።

ሲመለስ ሊያሠራ ሳይሆን ሊያሳየኝ ነው የመጣው። መኪናዋ ግቢ ስትገባ ሰው ሁሉ ሥራውን ጥሎ ወጣ። በረጅም ሞላ 4 ኢንች ተነስታለች። የፊት ብረት፣ ስኖርክል፣ መብራት። ጣሪያዋ ላይ በቱቦላሬ የተበየደ ፖርቶ መጋላ፣ እላዩ ላይ አራት ጀሪካንና ሁለት ትርፍ ጎማ። ልጆቹ ተራ በተራ ፎቶ ተነሱ። ቆንጆ ነበረች።

«በሳምንት አለቀ» አለኝ። «አንተ ዓመት ልትፈጅብኝ ነበር።»

ጋሼ ከመኪናዋ ወዲያ ማዶ ቆመው መስታወቱን ይወለውሉ ነበር። መስታወቱ ንጹሕ ነው። አንዴም ቀና ብለው አላዩኝም። ያኔ ነው ልቤ የጠረጠረው።

በነጋታው ብቻቸውን መጡ። «የናፍታ ፊልትሮ እይልኝ» አሉ። ፊልትሮው ምንም አልሆነም።

«ጋሼ፣ ምን ሆነው ነው?»

«ልጄ፣ አላምናትም» አሉኝ። «መሪዋን አዙሬ ስለቀው ወደ መሃል አይመለስም፤ እኔው ነኝ የምመልሰው። ፍሬን ስይዝ አፍንጫዋ ይደፋል፣ ኋላዋ ዝም ይላል። ከጂንካ ወደ ማጎ ስወርድ የፍሬን ሽታ መጣብኝ። ያን ቁልቁለት ስንት ጊዜ ወርጄዋለሁ፤ እዚያ ሸቶኝ አያውቅም። ቆሜ አቀዘቀዝኳትና በፎር ሎው፣ በዝግተኛው ማርሽ፣ አወረድኳት። ከኋላ አራት እንግዳ ይዣለሁ።»

«ለባለቤቱ ነግረውታል?»

ትንሽ ዝም አሉ። «ምን ብዬ? ይሄን ሁሉ ብር አውጥቶ፣ ደስ ብሎት። አርጅተሃል ይለኛል።»

ከሰውየው ንግግር ይልቅ ይሄኛው ነው ያንገበገበኝ። አንድ ሰው የአራት ሰው ነፍስ ይዞ ቁልቁለት እየወረደ፣ ፍሬኑ እንደማይዝ እያወቀ፣ እንጀራውን ፈርቶ ዝም ይላል። በዚህ ሥራ ውስጥ ስንት ሾፌር እንደዚህ ዝም ብሎ ይነዳ ይሆን?

መኪናዋን ጉድጓድ ላይ አስገባኋት። ከሥር ወርጄ ያየሁት የጠረጠርኩትን ነው።

የኋላው አክስል ላይ አንዲት ቀጭን ዘንግ አለች። ሌላኛው ጫፏ ሻሲው ላይ ካለ የፍሬን ቫልቭ ጋር ተያይዟል። ዕቃ ሲጫን ሻሲው ወደ አክስሉ ይቀርባል፤ ዘንጓ ቫልቩን ታንቀሳቅሳለች፤ ለኋላ እግር የሚሄደው የፍሬን ግፊት ይጨምራል። መኪናዋ ባዶ ስትሆን ሻሲው ይርቃል፣ ግፊቱም ይቀንሳል፤ ቀሎ የሚሄደው የኋላ እግር እንዳይቆልፍ ነው። አሁን በሞላ 4 ኢንች ከፍ ስታደርጋት ቫልቩ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሻሲው ርቋል፣ ስለዚህ መኪናዋ ባዶ ናት። እስከ ጣሪያዋ ተጭና ቁልቁለት ስትወርድም ባዶ ናት ብሎ ያምናል። ሥራው ሁሉ የፊት ፍሬን ላይ ይወድቃል። የሸተታቸው እሱ ነው።

መሪውም ምክንያት ነበረው። ረጅሙ ሞላ የፊት አክስሉን በትንሹ ያዞረዋል፤ ካስተር የሚባለው፣ የፊት እግሮቹ መዞሪያ ወደ ኋላ ያለው ዝንባሌ፣ ይቀንሳል፤ መሪው በራሱ ወደ መሃል መመለሱን ይተዋል። የፍሬን ጎማ ቱቦዎቹም እግሮቹ ተንጠልጥለው ሲወርዱ ተወጥረው ሊበጠሱ የደረሱ ነበሩ። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ ዲፈረንሻሉ ነው። ድፍን አክስል ባለው መኪና ሞላ የሚያነሳው ቦዲውን እንጂ አክስሉን አይደለም። ድንጋይ የሚነካው የዲፈረንሻሉ ሆድ ከመሬት ያለው ርቀት በዚያ ሁሉ ወጪ አንዲት ሚሊሜትር አልጨመረም። እሱን የሚያነሳው ጎማ ብቻ ነው።

ለሰውየው ደወልኩ። የጋሼን ስም አላነሳሁም። ሲመጣ «ና ውረድ፣ አንድ ነገር ላሳይህ» አልኩት። ጫማውን አየት አደረገና ወረደ።

ዘንጓን በጣቴ ያዝኩለት። «ይቺ ስትንቀሳቀስ የኋላ ፍሬን ይጨምራል። አሁን ተንጠልጥላ ቀርታለች። መኪናህ የምትቆመው በፊት እግሯ ብቻ ነው።»

ረጅም ጊዜ አያት። «ይቺ ናት?» አለኝ።

«ይቺ ናት።»

«ሾፌሩ ነው የነገረህ?»

«ከፍ ያለች መኪና ስትገባልኝ መጀመሪያ የማየው ይሄን ነው» አልኩት። ይሄም እውነት ነው። በኩራት የመጣ ቀን ሳላይለት የቀረሁት ልትታይ እንጂ ልትሠራ ስላልመጣች ነው።

«ስንት ይፈጃል?»

ነገርኩት። የዘንጓን ማሰሪያ ሞላው በጨመረው ልክ ከፍ የሚያደርግ ቁራጭ ብረት ነው፤ ቶርኖ ቤት ይሠራል። ዋጋው ጣሪያው ላይ ካለው ከአንዱ መብራት ያንሳል። ምንም ሳይናገር ከፈለ። ረዘም ያለ የፍሬን ቱቦ ገጠምን። ለካስተሩ ቀዳዳው ከመሃል ፈንጠር ያለ ጎሚኒ አስመጣን። ፍሬኑን አየር አውጥተን ጋሼ ባሉበት ሞከርነው። ሁለት ጊዜ ግቢውን ዞረው ወርደው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

የጣሪያው ነገር ግን አልተፈታም። ናፍታ የሞላ አንድ ባለ 20 ሊትር የብረት ጀሪካን ከነቆርቆሮው 21 ኪሎ ገደማ ነው። አራቱ ከ80 ኪሎ ይበልጣሉ። ጎማዎቹንና ራሱን የቱቦላሬውን ብረት ጨምሩበት። ይሄ ሁሉ ራሷ ላይ ተጭኖ በጎን ያዘነበለ መንገድ ላይ ምን እንደሚያደርጋት ማሰብ ነው። «ይውረድ» አልኩት።

«አይወርድም» አለኝ። ስልኩን አወጣ። አሁን ግን የራሱን መኪና ፎቶ ነው ያሳየኝ፤ ከሥሩ ጉዞ የሚጠይቁ መልእክቶች ተደርድረዋል። «ጎማህን ማን ፎቶ ያነሳዋል? ሰው የሚመጣልኝ ይሄን አይቶ ነው። ሰው ካልመጣ ለጋሼም ደመወዝ የለም፣ ላንተም ሥራ የለም።»

እዚህ ላይ እውነት አለው። መኪናዋ ያን ክረምት በዝምታ ጎማና ጎሚኒ ብቻ ብትቀይር ኖሮ ያ ሁሉ ሰው አይደውልለትም። እኔ ይሄን ሒሳብ ወረቀቴ ላይ አልጻፍኩትም፤ የእሱ ሥራ ነው፣ እሱ ያውቀዋል። ስለዚህ ፖርቶ መጋላው እንዳለ ይቆይ፣ ጭነቱ ይውረድ ብለን ተስማማን። ዋናው ታንክ 95 ሊትር ይይዛል፤ አራቱ ጀሪካን ወደ ሁለት ወረደ። ውሃውና መሣሪያው ወደ ውስጥ፣ ወለሉ ላይ ታሰረ። ላይ አንድ ትርፍ ጎማ፣ ድንኳንና ፍራሽ ብቻ። ፎቶው ላይ ለውጡ አይታይም። ጋሼ ግን ከወይጦ በኋላ ያሉት ጠመዝማዛዎች ላይ ይታወቃል ይላሉ።

ያን «ኪሴን ልታራግፍ ነው» ያለኝን ቃል ሰውየው እስካሁን አላነሳውም። እኔም አልጠየቅኩትም። አሁን መኪናዋን በጋሼ እጅ ብቻዋን ይልካታል፤ «የሚሉህን ሥራ» ብሎ በስልክ ይነግረኛል። የዲፈረንሻል መተንፈሻዎቹን ከዝናቡ በፊት ያሠሩት እሳቸው ናቸው።

የቀረን ዊንቹ ነው። እሱ ይፈልጋል። ከነሽቦው ወደ 40 ኪሎ ነው፤ የሚቀመጠው ደግሞ የፊት ብረቱ ቀድሞ በደፋው አፍንጫ ላይ ነው። መጀመሪያ የፊት ሞላዎቹ ለዚያ ክብደት በሚሆኑ ይቀየሩ ብያለሁ። ጋሼ የአሸዋ ሳንቃ፣ አካፋና ጥሩ ገመድ ይበቃኛል ይላሉ፤ የማጎ መረሬ ጭቃ ውስጥ የሰመጠ መኪና ዊንች የሚያስሩበት ዛፍ ሁልጊዜ በቅርብ አያገኝም። ለሚቀጥለው ሳምንት ሦስታችንም ቁጭ ብለን እንነጋገራለን። ጋሼ እንዲኖሩ የጠየቅኩት እኔ ነኝ፤ እሱም እሺ ብሏል።