አመዳይ ሳይቀድመኝ

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከቤታችን ጀርባ አትክልት መትከል በጀመርኩበት ዓመት፣ በጥቅምት አጋማሽ አንድ ጠዋት ስወጣ በሶብላዬ በሙሉ ጠቁሮ ቆየኝ። ቃሪያውም የተቀቀለ ይመስል ተልፈስፍሷል። ለበርበሬና ለሽሮ የሚሆነኝን የበሶብላ ራስ «ትንሽ ይጨምር» እያልኩ ሳልቆርጠው ነበር የቆየሁት። አለቀስኩ።

ለእናቴ ስደውልላት «አመዳይ ነዋ ልጄ! ማታ ሰማዩን አላየሽም?» አለችኝ። እሷ ያደገችው ደብረ ብርሃን ነው፤ የኅዳር አመዳይ ባቄላ ሲያቃጥል አይታለች። ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ጸጥ ካለ ምድር ቀን ያጠራቀመችውን ሙቀት ሌሊቱን ትለቀዋለች፤ ደመና ካለ ግን እንደ ብርድ ልብስ ያቆይላታል። አሁን ትንበያው 36 ፋራናይት ሲል እንኳ ውኃ በረዶ የሚሆንበት 32 ነው ብዬ እዘጋጃለሁ፤ በእንዲህ ያለ ሌሊት መሬት አጠገብ ያለው አየር ከላይ ከሚለካው ይልቅ ይቀዘቅዛልና። በአሮጌ አንሶላ እሸፍናለሁ። ፕላስቲክ ሞክሬ ነበር፤ የነካውን ቅጠል ሁሉ አበላሸብኝ።

በሶብላውን ግን ከዚያ ወዲህ አቆይቼው አላውቅም። መስከረም ውስጥ ራሱን ቆርጬ በጥላ አደርቀዋለሁ፤ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ መዓዛው ይሄዳል። በዚያው ሰሞን ቃሪያውና ቲማቲሙ አዲስ ያወጡትን አበባ እቀነጥሳለሁ። እጄ እንቢ ይለኛል፤ ነገር ግን ያ አበባ ፍሬ ሆኖ የሚደርስበት ቀን የለውም። ነጣ ማለት የጀመረውን ቲማቲም ከሙዝ ጋር በወረቀት ከረጢት አስቀምጠዋለሁ፤ ከሙዙ የሚወጣው ኤቲሊን የተባለ ጋዝ ያቀላዋል።

ትልቁ ስሕተቴ ጎመኑ ላይ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ሁሉም አበቃለት ብዬ ከቃሪያው ጋር ነቀልኩት። ጎመን እኮ ብርድ ሲነካው ስኳር ስለሚያከማች ይጣፍጣል! ኅዳር ሲጋመስ የቀኑ ብርሃን ከ10 ሰዓት ስለሚያንስ ማደጉን ያቆማል እንጂ አይሞትም፤ የነቢያት ጾም ሲገባ ከመደቡ ላይ እየቀነጠስኩ የምሠራው እርሱን ነው። በቃሪያው ቦታ ነጭ ሽንኩርት አንድ በአንድ ነጥዬ ተክዬ የረገፈ ቅጠል አለብሰዋለሁ፤ ብርድ ካልቀመሰ ደህና ራስ አይቋጥርም።

አምና አንድ ጠዋት ጎመኑን በስልክ ለእናቴ አሳየኋት። «ቅጠሉ ላይ የነጣው ሳይቀልጥ እንዳትነኪው፣ ይሰበራል» አለችኝ። እጄን ሰበሰብኩ፤ ፀሐይ እስክትወጣ አብረን ጠበቅን።